ግንቡን አይተናል፤ ቤቱንስ?

ማኅበራችን በየዓመቱ አንድ ሁለት ጊዜ ጉብኝት ያዘጋጃል። የጉብኝቱም መንገድ ከዓመት ዓመት አይለወጥም። ወደ ሰሜን የሄድን እንደ ሆነ የጎንደርን ግንብ እናያለን፤ ከዚያም ወደ ደባርቅ ወጥተን ገደሉንና ጭላዳውን ተመልክተን፣ በአፋፉ ላይ ተሰልፈን ፎቶግራፍ ተነሥተን እንመለሳለን። በመካከል ያለችውን ዳባትን የምናያት በመስኮት ነው። አውቶቡሱ ቢቆም እንኳ የሚቆመው ለምሳ ነው። እኔ ዛሬ የምጽፈው በመስኮት ስለምትታየው ስለዚህች ከተማና በዙሪያዋ ስላሉት የገጠር ቤቶች፣ በቤቶቹም ውስጥ ስላለው ዕቃ ነው። ሐሳቤ ባጭሩ ይህ ነው፤ ከጉብኝታችን ቀኖች አንዱ ለቤትና ለቤት ዕቃ ይሰጥ፤ እርሱም የሽርሽር ቀን ብቻ ሳይሆን የጥናት ቀን ይሁን።

ይህንን ለጥቂት ጓደኞቼ ባነሣሁ ጊዜ ሁለት ዓይነት ሳቅ ሰማሁ። አንደኛው «የእናቴን ጎጆ ለማየት አውቶቡስ ልከራይ እንዴ?» የሚለው የባላገር ልጅ ሳቅ ነው። ሁለተኛው «ጎጆ ሁሉ ጎጆ ነው፤ አንዱን ያየ ሁሉን አየ» የሚለው የከተማ ልጅ ሳቅ ነው። ለሁለተኛው መልስ መስጠት ቀላል ነው፤ አላየም። የመጀመሪያው ግን ያሳዝነኛል። ያ ጓደኛዬ በእናቱ ቤት ያለውን ዕቃ ስሙን ከነጥቅሙ አንድ በአንድ ሊዘረዝር የሚችል፣ ለዚህ ጥናት ከመካከላችን መምህር ሊሆነን የሚገባው ሰው ነው። ነገር ግን ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ትምህርት ቤት ሲመላለስ «ይህም ዕውቀት ነው» ያለው አንድም ሰው አላገኘም።

እስቲ ከግንቡ እንነሣ። ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ገደማ ጎንደርን መናገሻ ካደረጉ ወዲህ የተሠሩት ግንቦች እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስ መዝገብ ገብተዋል፤ ክብሩም የሚገባቸው ነው። ሆኖም ወደ ውስጥ ስንገባ የምናየው ምንድን ነው? ግድግዳ፣ ደረጃና መስኮት ነው። አስጎብኚው «እዚህ ንጉሡ ይቀመጡ ነበር» ይለናል፤ መቀመጫው ግን የለም። እ.ኤ.አ. በ1699 ጎንደር የገባው ፈረንሳዊው ሐኪም ፖንሴ፣ የቀዳማዊ ዐፄ ኢያሱ ዙፋን እንደ አልጋ ያለ ሆኖ እግሮቹ ብር እንደ ነበሩ ጽፏል። ይህን ያነበበ የውጭ አገር ሰው «ንጉሥ እንዴት በአልጋ ላይ ተቀምጦ ይፈርዳል?» ብሎ ሊደነቅ ይችላል። እኛ ግን ልንደነቅ አይገባንም ነበር። «አልጋ ወራሽ» የምንለው ሌላ ምን ማለት ኖሯል? በቋንቋችን መንግሥትና መኝታ በአንድ ቃል ሲጠሩ ኖረዋል። አልጋ በአንድ ቤት ውስጥ ከሁሉ የከበረ ዕቃ፣ ባለቤቱም ከመሬት ከፍ ብሎ የሚታይበት ስለ ሆነ ነው። ይህንን ለመረዳት ባዶው አዳራሽ አይበቃም። ዳባት ዙሪያ ጠፍር አልጋ ካለበት ቤት ገብቶ፣ አልጋው የት እንደ ተዘረጋ፣ ማን እንደሚቀመጥበት፣ ማን ደግሞ ቆሞ እንደሚቀር መመልከት ያስፈልጋል።

ጠፍር አልጋን ያነሣሁት በአጋጣሚ አይደለም። የከተማው ልጅ «ቆዳ የተወጠረበት እንጨት» ብሎ ያልፈዋል። አሠራሩን ግን ልብ ብሎ ላየው ሰው ትልቅ ብልሃት አለበት። ቆዳው ገና እርጥብ ሳለ በቀጭኑ ይተለተልና በአራቱ እንጨቶች መካከል እየተሸረበ ይወጠራል፤ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሲኮማተርም አልጋውን በሙሉ ጨምቆ ይይዛል። በርጩማውንም እንዲሁ ተመልከቱ። ከአንድ ግንድ የሚጠረበው ባለ ሦስት እግር በርጩማ መጋጠሚያ ስለሌለው አይላላም፤ እግሩ ሦስት ስለ ሆነም የጭቃው ወለል ጎርባጣ ቢሆን አይናወጥም። በመማሪያ ክፍላችን የምንቀመጥባቸው ባለ አራት እግር ወንበሮች ባንድ እግራቸው ወረቀት ታጥፎ ካልተደረገላቸው የማይቆሙ መሆናቸውን ሁላችንም እናውቃለን።

ከሁሉ ይልቅ እኔን የሚያስገርመኝ ግን ጎታ ነው። ጎታ ከጭቃና ከጭድ፣ አንዳንዴም ከእበት ተለውሶ፣ በሴቶች እጅ ቀለበት በቀለበት እየተደራረበ የሚሠራ የእህል ማኖሪያ ነው። ትልቁ ጎታ እዚያው ቤት ውስጥ ይሠራል፤ ከበሩም ስለሚሰፋ አይወጣም። ስለዚህ ጎታ ሊሸጥም፣ ሊሰረቅም፣ ለሙዚየም ሊሰጥም አይችልም። ቤቱ ሲፈርስ አብሮ ይፈርሳል። ይህ አንድ ነገር ያስተምረናል፤ የአገራችንን የቤት ዕቃ ባለበት ቦታ ሄዶ ከማየት በቀር በሌላ መንገድ ጠንቅቆ ማወቅ አይቻልም። ዕቃውና ቤቱ አንድ አካል ናቸው። መደቡ ከግድግዳው ጋር የተሠራ ነው፤ ምድጃው ከወለሉ ጋር፣ ቆጡም ከምሰሶውና ከወራጁ ጋር።

ስለ ቆጥ ካነሣን አይቀር፤ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚለውን ተረት የማይጠቅስ ተናጋሪ በክርክር ማኅበራችን ውስጥ አላጋጠመኝም። ቆጥ ላይ ወጥቶ ያየ ስንቱ ነው? በደጋው በሰሜን በኩል ከብቱ ከታች፣ ሰዉ ከላይ በቆጡ ላይ የሚያድርባቸው ቤቶች ነበሩ፤ አሁንም በየቦታው ጥቂቶች አሉ። ብርዱ የሚያስጨክን ስለ ሆነ የከብቱ ትንፋሽ ቤቱን ያሞቀዋል፤ የምድጃውም ጢስ ወደ ላይ ወጥቶ የክዳኑን ሣርና እንጨት ስለሚያጥነው ነቀዝና ምስጥ አይደፍረውም። ተረቱን ወርሰናል፤ ቤቱን ግን አናውቀውም።

ቤቱ ለምን እንደሚጠፋም ማስተዋል ያስፈልጋል፤ ሰው አባቱን ስለ ናቀ ብቻ አይደለም። ቆርቆሮ መጣ። ቆርቆሮ ቀጥ ያለ ነገር ነው፤ ክብ ቤት ላይ ሲያለብሱት መቆራረጥና ማባከን ይሆናል። ስለዚህ ጣሪያው ቤቱን አራት ማዕዘን አደረገው። ቤቱ ማዕዘን ባገኘ ጊዜ በክቡ ግድግዳ ዙሪያ የነበረው መደብ ቦታው ጠፋ፤ በምትኩ ሶፋና ቡፌ ገባ። እንጨቱም ተለወጠ። ለበርጩማና ለበር የሚሆነው ዋንዛ፣ ለምሰሶ የሚሆነው ጥድ፣ ለችካልና ለመያዣ የሚሆነው ወይራ እየተመናመነ ሄዶ ቦታውን ባሕር ዛፍ ያዘ። ባሕር ዛፍ ቶሎ ያድጋል፤ ቀጥ ብሎም ለግድግዳና ለወራጅ ይመቻል፤ ለመጥረብ ግን እንደ ዋንዛ አይደለም፤ ይሰነጠቃል። እንግዲህ አንድ በርጩማ ሲጠፋ ዛፉ፣ ጠራቢው፣ መጥረቢያውና የቤቱ ቅርጽ አብረው እንደ ጠፉ ማየት አለብን። ይህን ማስረዳት ለኢኮኖሚክስ ተማሪም፣ ለእጽዋት ተማሪም፣ ለሥነ ሕንጻ ተማሪም የሚሆን ሥራ ነው።

ሌላም የማፍርበት ነገር አለ። የታሪክ መጻሕፍታችን ስለ ሠሪዎቹ ምንም አይሉም። ደረስጌ ማርያምን እንውሰድ። የሰሜኑ ገዥ ደጃዝማች ውቤ ለንግሣቸው ብለው ያሠሯት ቤተ ክርስቲያን ናት፤ ነገር ግን በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ ድል ስለ ሆኑ፣ ተቀብተው የነገሡባት ባላጋራቸው ካሣ፣ ኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው። ሥራውን የመራው ሺምፐር የተባለ ጀርመናዊ የእጽዋት ሊቅ እንደ ነበረ በየመጽሐፉ ተጽፏል። ድንጋዩን የጠረበው፣ እንጨቱን የጋጠመው ያገር ሰው ግን ስም የለውም። ለምን? ባለ እጅ ስለ ነበረ ነው። በሰሜንና በወገራ ብረት የሚቀጠቅጡት፣ ሸክላ የሚሠሩት፣ ግንበኞችና አናጢዎች የነበሩት ብዙዎቹ ቤተ እስራኤል ነበሩ። ማረሻውንና ምጣዱን ከእጃቸው ተቀብለን «ቡዳ» እያልን ስንሸሻቸው ኖርን። እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1985፣ ከዚያም በ1991 በብዛት ወደ እስራኤል ሄዱ። ዛሬ አንዲት የዳባት እናት ያላትን አሮጌ ጋን ማን እንደ ሠራው ብትጠየቅ፣ መልሱ ከባሕር ማዶ ሊሆን ይችላል። ሠሪውን የናቀ አገር የሥራውን ታሪክ መጻፍ እንደማይችል ለመረዳት ከዚህ የበለጠ ምስክር አያሻም።

አሁን ደግሞ ወደ ግጭ ልሂድ፤ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያስገደደኝ እርሱ ነውና። ግጭ በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፣ በደጋው ራስ ላይ የነበረ መንደር ነው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስ መዝገብ ገባ፤ በ1996 ግን ለአደጋ ከተጋለጡት ጋር ተቆጠረ። የግጦሹና የእርሻው ብዛት ዋልያውን እያስጨነቀው ስለ ነበረ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ከ400 የሚበልጡ አባወራዎች ከግጭ ተነሥተው ደባርቅ ከተማ እንዲሰፍሩ ተደረገ። በሚቀጥለው ዓመት ፓርኩ ከአደጋው መዝገብ ወጣ። መነሣታቸው ትክክል ነበር ወይስ አልነበረም የሚለውን ክርክር ለሌላ ቀን እተወዋለሁ፤ ዋልያው በዓለም ላይ ከዚያ በቀር መኖሪያ የሌለው መሆኑን አልዘነጋም። ነገር ግን አንድ ሙሉ መንደር ከነጎጆው፣ ከነቆጡ፣ ከነጎታው ሲነሣ፣ እኛ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት በየጊዜው በግጭ በኩል አልፈናል፤ ድንኳን ተክለን አድረናል። የያዝነው ፎቶግራፍ የማን ነው? የጭላዳ ነው። ስለ ዝንጀሮው የሰበሰብነው ሥዕል ስለ ሰው ቤት ከሰበሰብነው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። አንድ ሜትርና አንድ ደብተር የያዙ ዐሥር ተማሪዎች በሦስት ቀን ሊሠሩት ይችሉ የነበረው ሥራ ነበር።

ደግሞም አዲስ ነገር ጀምሩ ማለቴ አይደለም። በ1940ዎቹ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች የሕዝብን ባህል የሚያጠና ማኅበር አቋቁመው፣ በዕረፍታቸው ወደየአገራቸው ሲሄዱ የሰርጉን፣ የለቅሶውን፣ የእርሻውን ልማድ እየጻፉ በራሳቸው መጽሔት ያወጡ ነበር። ከዚያ ዘመን በተጀመረው የመሰብሰብ ሥራ ላይ ነው በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጥናት ተቋምና ሙዚየሙ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የቆሙት። ዛሬ እዚያ ስንገባ የዐፄ ኃይለ ሥላሴን መኝታ ቤት ከነአልጋው እናያለን። ያንን ያዘጋጁ ሰዎች በአንድ ወቅት እንደ እኛ ተማሪዎችና የተማሪ መምህራን ነበሩ።

ዳባትም ለዩኒቨርሲቲ ሰው እንግዳ አይደለችም። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የዳባት የጥናት ማዕከል እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በወረዳው ቀበሌዎች ቤት ለቤት እየዞረ ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን ሲመዘግብ ኖሯል። ከዚህ መዝገብ የወጣው የጤና ጥናት ብዙ ነው፤ ጥቅሙም የታወቀ ነው። እኔን የሚገርመኝ፣ በነዚያ በሮች ሁሉ መጠይቅ የያዘ ሰው ገብቶ በመደቡ ላይ ተቀምጦ ሲጽፍ፣ ስለ ተቀመጠበት መደብ የሚጠይቅ ሌላ ክፍል አለመኖሩ ነው። ሐኪሞቹ የራሳቸውን ሥራ በሚገባ ሠርተዋል። የቀረነው እኛ ነን፤ የታሪኩ፣ የቋንቋው፣ የሥነ ሕንጻው ተማሪዎች።

በሌላው ዓለም እንዲህ ያለ ሥራ እንዴት እንደሚሠራ ለማየት ብንፈልግ ምሳሌ አናጣም። በስዊድን አገር አርቱር ሃዜሊዩስ የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1891 በስቶክሆልም ስካንሰን የተባለውን ሙዚየም ከፍቶ፣ የገበሬ ቤቶችን ከየአውራጃው እያፈረሰ አምጥቶ ከነዕቃቸው መልሶ አቁሟል። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1964 የተቋቋመ የቤት ዕቃ ታሪክ ማኅበር አለ፤ አባሎቹ ቀን ቆርጠው ከአንድ ታላቅ ቤት ይሄዱና ወንበሩን ገልብጠው፣ መሳቢያውን አውጥተው ጀርባውን ሳይቀር ሲመረምሩ ይውላሉ። ነገር ግን ለእነርሱ የሠሪው ደረሰኝና የቤቱ መዝገብ በወረቀት ቀርቶላቸዋል። ለእኛ መዝገቡ የባለቤቲቱ አንደበት ነው። እርሷ ካረፈች በኋላ በርጩማውን ገልብጠን ብንመረምረው የሚነግረን ጥቂት ነው። ለነገሩ ወደ ባሕር ማዶ ምን አስኬደን? የሐረር ሰዎች በአምስት ደረጃ የተሠራውን የቤታቸውን ነደባ፣ በየትኛው ላይ ማን እንደሚቀመጥ ከልጅ እስከ አዋቂ ያውቁታል፤ ለእንግዳም በኩራት ያሳያሉ። በሐረር የሚያኮራው ነገር በዳባት ለምን ያሳፍራል?

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ እኔም የማከብረው ተቃውሞ ነው። «ድህነትን ቅርስ ብላችሁ ልታስጎበኙ ነውን? ያ ጢስ የእናቶችን ዓይንና የሕፃናትን ሳንባ የሚያጠፋ ነው፤ ከብትና ሰው ባንድ ጣሪያ ማደር ለበሽታ ነው፤ ገበሬው ቆርቆሮ ቢያለብስ እሰየው ነው» ይባላል። እውነት ነው፤ እሰየው ነው። ማንም ሰው በጢስ ቤት ይኑርልኝ አልልም፤ እኔ ራሴ በጢስ ቤት አድጌ የመብራቱን ጥቅም አውቃለሁ። ነገር ግን ቤቱን መለወጥና ቤቱን ሳይጽፉ መለወጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አዲሱን የገጠር ቤት የሚነድፈው መሐንዲስ የድሮው ቤት ብርዱን በምን እንደ ተከላከለው ካላወቀ፣ በሰሜን ደጋ ላይ የቆላ ቤት ይሠራል። በቆርቆሮ ቤት ያለ ኮርኒስ ያደረ ሰው የምለውን ይረዳዋል።

ሌላው ተቃውሞ ስለ መንገዱ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ወደዚያ የሚደረገው ጉዞ እንደ ልብ ያልሆነበት ጊዜ ብዙ ነው። ከዚያም በፊት በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ በዳባት ወረዳ እስከ ጭና ድረስ ደርሶ ሰላማዊ ሰዎች ተገድለዋል። እንዲህ ባለ አገር ሃምሳ ተማሪ በአውቶቡስ ጭኖ መሄድ ባይቻል አይደንቅም፤ ተገቢም ላይሆን ይችላል። ስለዚህ የጥናት ቀኑ የግድ ጉዞ ይሁን አልልም። ከመካከላችን ከዳባት፣ ከደባርቅ፣ ከወገራ፣ ከጃናሞራ የመጣን አለን። በመንፈቁ ዕረፍት ወደየቤታችን እንሄዳለን። እዚያ ሆነን መሥራት የምንችለው ነው። መንገዱ ሲመች ሌሎቹ ይከተሉናል።

አካሄዱ ግን ይታሰብበት። ከአንድ ቤት ከሦስት ሰው በላይ አይግባ፤ ከሦስቱም አንዷ ሴት ትሁን፤ የጓዳው ነገር በወንድ አይጠየቅምና። ቡናና ስኳር ይዞ መሄድ እንጂ በባዶ እጅ ደጅ መቆም ነውር ነው። ሐዘን ያለበት ቤት የሚገባው ለማስተዛዘን እንጂ ለመለካት አይደለም። ወሩ ጥር ቢሆን ይመረጣል፤ እህሉ ገብቷል፤ ጎታው ሙሉ ነው፤ ሰውም ዕረፍት አለው። ባለቤቲቱን «እማማ፣ ይህን ማን ሠራልዎ? ከማን ወረሱት? ሲሰበር በምን ይጠግኑታል?» ብሎ መጠየቅ፣ መልሱንም በእርሷው ቃል መጻፍ፤ «ጓዳ» ያለችውን «ኩሽና» ብሎ አለማረም። ከዚያ በኋላ የቤቱን ስፋት፣ የምሰሶውን ቁመት፣ የመደቡን ከፍታ ለክቶ በወረቀት ማስፈር።

አንድ ነገር በጥብቅ እለምናለሁ፤ ማንም ሰው ምንም ዕቃ ይዞ እንዳይመለስ። በቱሪስት መንገድ ዳር አሮጌ መሶብና አሮጌ ዋንጫ የሚገዙ ነጋዴዎች መኖራቸው የተሰወረ አይደለም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በግለሰብ እጅ እንዳይሆን አልከለከለም፤ ያለ ፈቃድ ካገር እንዳይወጣ ግን ከልክሏል። እኛ የጻፍነው ዝርዝር ለነጋዴ የዋጋ ማውጫ እንዳይሆን የባለቤቶቹ ስምና የቤታቸው አቅጣጫ በሚታተመው ላይ አይውጣ። ከሚጻፈው አንዱ ቅጂ ለቤተ መጻሕፍታችን፣ አንዱ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት፣ አንዱ ደግሞ ለቤቱ ባለቤት ይሰጥ። የመጨረሻው ቅጂ እንዳይረሳ፤ ብዙ ጥናት ተጠንቶብን መልሱን ያላየን ሕዝብ ነንና።

ለመጀመሪያው ጥር ስድስት ቤት ይበቃናል፤ ሦስቱ ከዳባት ዙሪያ፣ ሁለቱ ከደባርቅ፣ አንዱም ከግጭ ተነሥተው ደባርቅ ከሰፈሩት ሰዎች መካከል። ይህ የመጨረሻው ቤት ምንም አሮጌ ዕቃ ላይኖረው ይችላል፤ የድሮው ቤታቸው እንዴት እንደ ነበረ ግን በአፋቸው ሊነግሩን፣ በመሬትም ላይ በእንጨት ጭረው ሊያሳዩን የሚችሉ ሽማግሌዎች አሉ። የሥነ ሕንጻ ክፍል መምህራን የአንድ ከሰዓት በኋላ የቤት አለካክ ትምህርት ቢሰጡን፣ የቋንቋ ክፍሉም የቃላቱን አመዘጋገብ ቢያሳየን እናመሰግናለን። ከዚያ አገር የመጣችሁ ጓደኞቼ ከመንፈቁ ፈተና በፊት ስማችሁን ለማኅበሩ ጸሐፊ ስጡ። ሜትር ያለው ሜትሩን ይዞ ይምጣ፤ ማኅበሩ ያለው አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ከሁለት ሜትር በላይ አይዘረጋም።